ሃምፍሪ ቦጋርት፦ ከኒው ዮርክ እስከ አልበርት ሐይቅ

ከካምፓላ ተነስቶ በማሲንዲ በኩል ወደ መርቺሰን ፏፏቴ የተጓዘ ቤተሰብ ሁሉ ይዞት የሚመለሰው ወሬ ተመሳሳይ ነው። ጉማሬው፣ አዞው፣ ዝሆኑ፣ ከዚያም ያ ሁሉ የናይል ውሃ 7 ሜትር ገደማ በሆነች የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሾልኮ ሲወረወር። ይኸው ውሃ ወርዶ ወርዶ ካርቱም ላይ ከዓባያችን ጋር እንደሚገናኝም ለልጆቻችን መንገራችን አይቀርም። ይሁን እንጂ በ1951 ዓ.ም. ከፏፏቴው በታች ባለው ወንዝ ላይና በአልበርት ሐይቅ ዳር ባለችው በቡቲያባ ወደብ የአሜሪካ ሲኒማ ዝነኞች ሰፍረው፣ በወባና በተቅማጥ እየተሰቃዩ፣ እስከ ዛሬ የሚታይ ፊልም ሠርተው መሄዳቸውን የሚያውቅ በመካከላችን ብዙ አይደለም።

የፊልሙ ስም «አፍሪካን ኩዊን» ነው፤ የአፍሪካ ንግሥት ማለት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1914 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በገባበት ወቅት ነው። ዋናውን ወንድ ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ሃምፍሪ ቦጋርት ይባላል። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት የእሱን ሕይወት ማቅረብ የወደድነው ዝነኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከቤቱና ከለመደው ነገር መራቅ የማይሆንለት ሰው፣ ሳይወድ በመጣበት በዚሁ እኛ በምንኖርበት አገር፣ በአገሩ ሃያ ዓመት ሠርቶ ያላገኘውን ነገር በማግኘቱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

ቦጋርት የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ ዲሴምበር 25 ቀን 1899 ዓ.ም. በፈረንጆች ገና ዕለት ነው። አባቱ ቤልሞንት ቦጋርት ሐኪም ነበር። እናቱ ሞድ ሃምፍሪ ደግሞ በዘመኗ የታወቀች ሠዓሊ ነበረች፤ ሃምፍሪ የሚለውንም ስም ያገኘው ከእናቱ ቤተሰብ ነው። ሕፃን ሳለ እናቱ የሣለችው መልኩ ለሕፃናት ምግብ ማስታወቂያ መዋሉ ይነገራል። በቤቱ ገንዘብ ነበረ፤ መተቃቀፍና መሳሳም ግን አልነበረም። ልጆቹ ወላጅ እናታቸውን እማማ አይሏትም፤ ሞድ ብለው በስሟ ነበር የሚጠሯት። ለእኛ ሰው ጆሮ ይህ የሚከብድ ነገር ነው።

ወላጆቹ እንደ አባቱ ሐኪም እንዲሆን ተመኝተው በማሳቹሴትስ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ዝነኛው ፊሊፕስ አካዳሚ ላኩት። ትምህርቱ አልሆነለትም፤ በ1918 ዓ.ም. ተባረረ። ወዲያው ባሕር ኃይል ገባ። ጦርነቱ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት ስለነበር የእሱ ሥራ በአብዛኛው ወታደሮችን ከአውሮፓ ወደ አገራቸው መመለስ ሆነ። በላይኛው ከንፈሩ ላይ የነበረው ጠባሳና ሲናገር የሚሰማው ትንሽ ኮልታፋነት ከዚያ ጊዜ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎችም ሌላ ሌላ ይላሉ። ያም ሆነ ይህ የባሕር ፍቅሩ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀውም።

ወደ ቴያትር የገባው በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። የቤተሰቡ ወዳጅ የነበረ የቴያትር ነጋዴ ቢሮ ውስጥ ሥራ ሰጠው፤ ከዚያም መድረክ ላይ ወጣ። በ1920ዎቹ በኒው ዮርክ መድረኮች የሚሰጠው ሚና የሀብታም ልጅ፣ ነጭ ሱሪ ለብሶ ገብቶ ቀልዶ የሚወጣ ጎረምሳ ዓይነት ነበር። ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለት ጊዜ ፈታ። በ1929 ዓ.ም. የአሜሪካ ገንዘብ ገበያ ሲወድቅ ቴያትር ቤቶች ባዶአቸውን ቀሩ፤ ሆሊዉድ ሄዶ ሞከረ፣ አልተሳካለትም፣ ተመለሰ። በ1934 ዓ.ም. አባቱ ዕዳ ትቶ ሞተ። ዕዳውን የከፈለው ልጁ ሃምፍሪ ነው። የአባቱን ቀለበት ጣቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ኖረ፤ በብዙ ፊልሞቹ ውስጥም ይታያል።

መንገድ የከፈተለት አንድ እንግሊዛዊ ነው። በ1935 ዓ.ም. ሌስሊ ሃዋርድ የተባለ በጊዜው እጅግ የተከበረ ተዋናይ «ፔትሪፋይድ ፎረስት» በተሰኘ ቴያትር መሪ ሚና ሲጫወት፣ ቦጋርት አምልጦ የሚሸሽ ወንበዴ ሆኖ አብሮት ሠራ። የዋርነር ፊልም ኩባንያ ቴያትሩን ወደ ሲኒማ ሲያዞረው ለወንበዴው ሚና ስም ያለው ሌላ ሰው ፈለገ። ሃዋርድ ግን ቦጋርት ካልተጫወተ እኔም አልሠራም ብሎ አቋም ያዘ፤ ኩባንያውም ተሸነፈ። ፊልሙ በ1936 ዓ.ም. ወጣ። ሃዋርድ በ1943 ዓ.ም. የተሳፈረበትን አውሮፕላን ጀርመኖች መትተው ጣሉትና ሞተ። ቦጋርት ውለታውን አልረሳም፤ በ1952 ዓ.ም. የተወለደችለትን ሴት ልጁን ሌስሊ ብሎ ሰየማት።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት በአጭሩ ቢታለፉ የሚጎድል ነገር የለም። ኩባንያው በየዓመቱ በበርካታ ፊልሞች ውስጥ ወንበዴ አድርጎ እያስገባ፣ መጨረሻ ላይ በጥይት እያስመታ ሲያሠራው ኖረ። ለውጡ የመጣው በ1941 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጆን ሂውስተን የሚባል የፊልም ጽሑፍ ጸሐፊ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳይሬክተር ሆኖ «ማልቲዝ ፋልከን»ን ሲሠራ ቦጋርትን መሪ ተዋናይ አደረገው። የሁለቱ ወዳጅነት ከዚያ ጀመረ፤ ኋላም ወደ ኡጋንዳ ያመጣው ይኸው ወዳጅነት ነው። በ1942 ዓ.ም. «ካዛብላንካ» ተከተለ። አዲስ አበባ ውስጥ በሲኒማ ኢትዮጵያና በአምባሳደር የአሜሪካ ፊልም እያዩ ያደጉ ወላጆቻችን ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ዝቅ ያደረገውን፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለየውን ሰው ፎቶግራፍ ቢያዩ ሳያውቁት አይቀሩም። ለኦስካር ሽልማት የታጨውም በዚሁ ፊልም ነበር፤ አላገኘም።

ሦስተኛ ትዳሩ የጠብ ትዳር ነበር። በ1944 ዓ.ም. አብራው የተጫወተች ሎረን ባካል የምትባል ወጣት ሕይወቱን ለወጠችው። እሱ 44 እሷ 19 ዓመታቸው ነበር። ብዙ ሰው አይዘልቁም ብሎ ነበር። በሜይ 1945 ዓ.ም. ተጋቡ፤ እሱ እስኪሞትም አብረው ኖሩ። በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ወንድ ልጃቸው ስቲቨን ተወለደ።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ሳይነሳ የማይታለፍ ነገር አለ። በ1947 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ኮሚኒስት ናችሁ እያለ የሲኒማ ሰዎችን መመርመር ጀመረ። ቦጋርት፣ ባካል፣ ሂውስተንና ሌሎችም ምርመራውን ለመቃወም አውሮፕላን ተሳፍረው ዋሽንግተን ሄዱ። ጋዜጦች ተረባረቡባቸው፤ ኩባንያዎቹም ፈሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ በቦጋርት ስም በአንድ መጽሔት ላይ ጽሑፍ ወጣ፤ ጉዞው የሞኝ ሥራ እንደነበረና እሱም ኮሚኒስት እንዳልሆነ የሚገልጽ ነበር። ከተመረመሩት መካከል አሥሩ ታስረዋል። የፖለቲካ ጥያቄ ሰውን ከእንጀራው ጋር ሲያጣላው ምን እንደሚመስል ለእኛ አንባቢ ማብራራት አያሻም። በፊልሞቹ ለማንም የማይበረከክ ሰው ሆኖ የሚታየው ቦጋርት በእውነተኛው ሕይወቱ እዚያ ላይ ጎንበስ አለ። ይህን የምናነሳው ልንፈርድበት አይደለም። ኡጋንዳ የደረሰው ቦጋርት ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ይህንንም በሆዱ የያዘ ሰው እንደነበረ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ እንምጣ። በኦገስት 1914 ዓ.ም. ጦርነቱ በአውሮፓ ሲለኮስ ዛሬ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ የምንላቸው አገሮች በጀርመን እጅ ነበሩ፤ ኡጋንዳና ኬንያ በእንግሊዝ። በእኛ አገር ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ ሥልጣኑ በልጅ ኢያሱ እጅ ነበር። ከዚህ አካባቢ በግዴታ የተሰበሰቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተሸካሚዎች የሌላውን ጦርነት ስንቅና ጥይት እንደተሸከሙ በበሽታና በረሃብ አልቀዋል። በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ጀርመኖች በመርከቦቻቸው የበላይነቱን ይዘው ስለነበር እንግሊዞች በ1915 ዓ.ም. ሚሚ እና ቱቱ የተባሉ ሁለት ትናንሽ የሞተር ጀልባዎችን ከለንደን እስከ ኬፕ ታውን በመርከብ፣ ከዚያ በባቡር፣ ተራራውን ደግሞ በእንፋሎት ትራክተርና በበሬ እያስጎተቱ አምጥተው ሐይቁ ላይ አወረዷቸው። አንዱን የጀርመን ጀልባ ማረኩ፣ ሌላውን አሰመጡ። ትልቁን መርከብ ግራፍ ፎን ጌትሰንን በ1916 ዓ.ም. ራሳቸው ጀርመኖች ሆን ብለው አሰመጡት። በኋላ እንግሊዞች ከውሃ አውጥተው ሊዬምባ ብለው ሰየሙት፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ሐይቁ ላይ ሰው ሲያመላልስ ኖሯል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ሲ. ኤስ. ፎረስተር በ1935 ዓ.ም. ያሳተመው ልብ ወለድ ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ የተቀዳ ነው። ጀርመኖች መንደሩን ካቃጠሉ በኋላ ሚሲዮናዊ ወንድሟ የሞተባት ሮዝ የምትባል ሴትና፣ አሮጌ የእንፋሎት ጀልባ ይዞ ፖስታና ዕቃ የሚያመላልስ ቻርሊ የሚባል ጂን ጠጪ መካኒክ፣ በወንዙ ወርደው ሐይቁ ላይ ያለውን የጀርመን መርከብ ለማጥፋት ይነሳሉ። በመጽሐፉ ቻርሊ የለንደን ሰው ነው። ቦጋርት ያንን አነጋገር መምሰል ስላልቻለ በፊልሙ ካናዳዊ ሆነ። ሮዝን የተጫወተችው ካተሪን ሄፕበርን ናት።

ሂውስተን ፊልሙን በስቱዲዮ ሳይሆን በእውነተኛው አፍሪካ መሥራት አለብኝ አለ። ለዚህ ምክንያቱ ጥበብ ብቻ አልነበረም፤ ዝሆን ማደን ይፈልግ ነበር። ቦጋርት ጫካ አይወድም፣ ሙቀት አይወድም፣ ነፍሳት አይወድም። የሚወደው የራሱን ጀልባ፣ የራሱን ወንበርና ማታ ማታ ከወዳጆቹ ጋር መጠጣትን ነው። ነገር ግን ሚናው ሳበው። ኮትና ሽጉጥ ያጌጠው ሰው ጢሙን ሳይላጭ፣ የቆሸሸ ካናቴራ ለብሶ፣ ሴት የምታዘው ፈሪ ሰካራም ሆኖ መጫወት ነበረበት። ዕድሜው 51 ነበር። የተቀበለውም ከደመወዙ ከፊሉን ለኋላ አቆይቶና ከትርፉ ድርሻ ተስማምቶ ነው።

ባካል አብራው ለመሄድ ወሰነች። የሁለት ዓመቱን ስቲቨንን ከሞግዚት ጋር ተዉት። ሞግዚቲቱ ልጁን አቅፋ ልትሸኛቸው አውሮፕላን ማረፊያ መጥታ ነበር፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ እዚያው ወድቃ ሞተች። ባካል መርዶውን የሰማችው መንገድ ላይ ነው። ልጁን የሚይዝ ሰው መገኘቱን አረጋግጣ ጉዞዋን ቀጠለች። ስቲቨን ካደገ በኋላ በ1995 ዓ.ም. ስለ አባቱ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር አንስቶታል፤ መተውን የመሰለው ስሜት አብሮት እንዳደገ ይገባናል። ልጁን ለአያት ወይም ለእህት አደራ ሰጥቶ ከአገር የወጣ ሰው በማኅበራችን ውስጥ ጥቂት አይደለም፤ ይህችን ቦታ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም።

ቀረጻው የተጀመረው በሜይ 1951 ዓ.ም. በያኔው የቤልጅግ ኮንጎ፣ ሩይኪ በሚባል ወንዝ ላይ ነው። ውሃው ከበሰበሰ ቅጠል የተነሳ ጥቁር ነበር። ከቀርከሃና ከዘንባባ ቅጠል ሰፈር ተሠራላቸው። አንድ ሌሊት የጉንዳን መንጋ ሰፈሩን ወረረው። ሌላ ጊዜ ጀልባዋ ስትሰምጥ እየተጎተተች ወጣች። የያኔው የቀለም ፊልም ካሜራ እጅግ ትልቅ ስለነበር ትንሿ ጀልባ አልበቃችውም፤ ስለዚህ ከጀልባዋ ኋላ ታንኳ በታንኳ ላይ እየተቀጣጠለ፣ አንዱ ካሜራውን፣ አንዱ መብራቱን፣ አንዱ ጀነሬተሩን ተሸክሞ በወንዙ ላይ ይጎተት ነበር። በጠባቡ ወንዝ መታጠፊያ ላይ ይህ ሁሉ ሰልፍ ዛፍ ውስጥ እየገባ ሲጠላለፍ መዋሉን ማሰብ ነው። ሄፕበርን አበባውንና ወፉን እያደነቀች ትውላለች፤ ቦጋርት እያጉረመረመ ይውላል፤ ሂውስተን ጠመንጃውን ይዞ ይጠፋል። ባካል ደግሞ ለሠራተኛው ምሳ በማዘጋጀት ታግዛለች።

ከዚያ ወደ ኡጋንዳ ተሻገሩ። ቡቲያባ ያን ጊዜ የደራች ወደብ ነበረች። ከማሲንዲ በመኪና የመጣ ዕቃ እዚያ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ኮንጎና ወደ ሱዳን አቅጣጫ ይሄድ ነበር። የፊልሙ ሰዎች በአቅራቢያዋ የሚሲዮን መንደርና ቤተ ክርስቲያን ሠርተው፣ ታሪኩ እንደሚጠይቀው አቃጠሉት። ሉጋርድ በተባለች መርከብ ላይ እያደሩም እስከ መርቺሰን ፏፏቴ ሥር ድረስ ወጡ። በሽታው የባሰው እዚህ ነው። ወባው፣ ተቅማጡ፣ ትኩሳቱ ከካሜራ ሠራተኛ እስከ ሄፕበርን ሁሉንም ጣላቸው። የወንዶቹን ጠጪነት ስትጠላ ውሃ ብቻ እጠጣለሁ ያለችው ሄፕበርን ከሁሉ የባሰ ታመመች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን ስትጫወት በምትታይበት ትዕይንት፣ ካሜራው በማያየው በኩል ባልዲ ተቀምጦላት ነበር፤ ይህን በ1987 ዓ.ም. ባሳተመችው ማስታወሻ ራሷ ጽፋዋለች። ቦጋርትና ሂውስተን ብቻ ደህና ሆኑ። ሁለቱ የቆርቆሮ ምግብ እየበሉ ከዊስኪ በቀር ምንም አይጠጡም ነበር። ለጤና ምክር ብለን አላቀረብነውም።

ሂውስተን በሕይወት ታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር ይተርካል። ለቤተ ክርስቲያኑ ትዕይንት የመንደሩ ሰዎች እንዲመጡ ቢነገራቸው በቀጠሮው አልተገኙም። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ እነዚህ ነጮች ሰብስበው ሊበሉን ነው የሚል ወሬ መናፈሱ ታወቀ። ሂውስተን ነገር ማሳመር የሚወድ ሰው ስለነበረ ሙሉውን ማመን አይገባ ይሆናል። ሆኖም ሰው በላ የሚለው ስም ሁልጊዜ ወደ አፍሪካ ሲወረወር ለሰማ ሰው፣ ወሬው ለአንድ ቀን አቅጣጫውን መቀየሩ ያስቃል።

ስለዚሁ የቤተ ክርስቲያን ትዕይንት ሌላም የምንለው አለ። በፊልሙ መጀመሪያ አፍሪካውያኑ ምእመናን መዝሙሩን እንደማያውቁት፣ ድምፅ ብቻ እያወጡ እንደሚያጉተመትሙ ሆነው ይታያሉ። ታሪኩ በጀርመን ግዛት ይሁን እንጂ የተቀረጸው በኡጋንዳ ሕዝብ ነው። ኡጋንዳ ደግሞ በ1880ዎቹ ስለ እምነታቸው የተቃጠሉ ሰማዕታት ያሏት፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሉጋንዳ ቋንቋ በ1896 ዓ.ም. ታትሞ የተነበበባት አገር ናት። በ1914 ዓ.ም. ከናሚሬምቤ ኮረብታ ሲዘመር የሰማ ሰው በዚያ ትዕይንት ይቆጣል እንጂ አይስቅም። መንደራቸው ከተቃጠለ በኋላ እነዚያ ሰዎች ከታሪኩ ይጠፋሉ፤ ወዴት እንደተወሰዱ የሚጠይቅ የለም። ታንኳ የቀዘፉት፣ ገመድ የጎተቱት፣ የሰመጠችውን ጀልባ ያወጡት ሠራተኞችም ስማቸው ከፊልሙ ተዋንያን ዝርዝር ውስጥ የለም። ፊልሙን ወድደን ብናየውም ይህን ለልጆቻችን ሳንነግራቸው ማለፍ አይገባንም።

በጁላይ ወር አጋማሽ ቡድኑ ወደ ለንደን ሄደ። ተዋንያኑ ውሃ ውስጥ ገብተው የሚታዩባቸው ትዕይንቶች የተቀረጹት እዚያ በስቱዲዮ ገንዳ ውስጥ ነው፤ የእኛን ወንዝ በአዞውና በቢልሃርዝያው ምክንያት ማንም አልደፈረውም። ቦጋርት ከደንገሉ መካከል ጀልባዋን በትከሻው እየጎተተ ከወጣ በኋላ ገላው አልቅት በአልቅት ሆኖ የሚንቀጠቀጥበትን ቦታ ያየ አይረሳውም። ሂውስተን እውነተኛ አልቅት ይሁን ብሎ ነበር፤ ቦጋርት እምቢ አለና አብዛኛው የጎማ ሆነ። መንቀጥቀጡ ግን የጎማ አይመስልም። ቻርሊ እንደገና ወደዚያ ውሃ መግባት እንዳለበት ሲረዳ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር፣ በዚያ ሁሉ የሽጉጥ ፊልም ውስጥ አንድም ጊዜ ያላሳየው ነው። ሳይወድ የሚገባ ሰው ፊት ነው።

ፊልሙ በ1951 ዓ.ም. መጨረሻ ወጣ፤ ገበያውም ሞቀ። በማርች 1952 ዓ.ም. የኦስካር ሽልማት ሲሰጥ ብዙዎች የጠበቁት ወጣቱን ማርሎን ብራንዶን ነበር። የብራንዶ ፊልም ከአራቱ የትወና ሽልማቶች ሦስቱን ወስዷል፤ አራተኛው ብቻ አመለጠው። እሱን ቦጋርት ወሰደው። ሽልማት ማለት ለተዋናይ ትርጉም የለውም እያለ ለዓመታት ሲያጣጥል የኖረው ሰው ስሙ ሲጠራ ክው ብሎ ቀረ ይባላል። መድረክ ላይ ወጥቶ ያመሰገነው ሂውስተንንና ሄፕበርንን ነው፤ ለብቻው የሚያገኘው ነገር እንዳልነበረም ተናገረ። በሕይወቱ ያገኘው ኦስካር ይህ አንድ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው «ኬይን ሚውቲኒ» እንደገና ቢታጭም አልተሳካለትም።

ሲጋራው ግን ሥራውን እየሠራ ነበር። በ1956 ዓ.ም. መጀመሪያ የምግብ መውረጃ ቧንቧው ላይ ካንሰር ተገኘ። ረጅም ሰዓት የፈጀ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ አልዳነም። ሰውነቱ ከሳ፣ ደረጃ መውረድ አቃተው። ይሁንና ማታ ማታ ወዳጆቹ ሲመጡ አልጋ ላይ ተኝቶ መቀበል አልፈለገም። ከኩሽና ምግብ በምታወጣና በምታወርድ ትንሽ የቤት ውስጥ ሊፍት ውስጥ አስቀምጠው ወደ ታች ያወርዱታል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ፣ መጠጡን ይዞ፣ እንደ ወትሮው እየቀለደ ይጠብቃቸዋል። ሄፕበርን እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ትጠይቀው ነበር። ጃንዋሪ 14 ቀን 1957 ዓ.ም. በ57 ዓመቱ አረፈ። ስቲቨን 8 ዓመቱ፣ ሌስሊ 4 ዓመቷ ነበር። በቀብር ሥርዓቱ ላይ በሬሳ ሣጥን ፋንታ የሚወዳት ጀልባው የሳንታና ትንሽ አምሳያ ተቀመጠች። የስንብቱን ንግግር ያደረገው ሂውስተን ነው።

ዝናው ከሞቱ በኋላ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በ1999 ዓ.ም. የአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩት የቀድሞ ዘመን ኮከቦችን ደረጃ ሲያወጣ ከወንዶች ቦጋርትን፣ ከሴቶች ሄፕበርንን አንደኛ አደረገ። ሁለቱ አብረው የሠሩት ፊልም ይህ በኡጋንዳና በኮንጎ የተቀረጸው ብቻ ነው። ተጠግኖ በዲቪዲ የወጣው በ2010 ዓ.ም. ሲሆን ከልጆች ጋር ተቀምጦ ለማየት የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ቡቲያባን በተመለከተ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አልበርት ሐይቅ ሞልቶ ወደቧን አጠፋት፤ መርከቦቹም ቀሩ። ከዚያ በፊት በጃንዋሪ 1954 ዓ.ም. አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ መርቺሰን አጠገብ በአውሮፕላን ወድቆ ከተረፈ በኋላ፣ ከቡቲያባ ሊነሳ ሲል ሁለተኛው አውሮፕላን ተቃጥሎ እንደገና ተርፏል። ጀልባዋ ደግሞ በ1912 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር የተሠራች፣ ትክክለኛ ስሟ ሊቪንግስተን የሚባል፣ በአልበርት ሐይቅና በናይል ላይ ዕቃ ስታመላልስ የኖረች ናት። የፊልሙ ሰዎች ሲሄዱ እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዓመታት በኋላ ገዢ አግኝታ ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ በ2012 ዓ.ም. መቶ ዓመት ሲሞላት ታድሳ በፍሎሪዳ ግዛት ቱሪስት ማንሸራሸር ጀመረች። ያረፈችበት ከተማ ኪ ላርጎ ይባላል፤ ቦጋርትና ሂውስተን ኡጋንዳ ከመምጣታቸው ሦስት ዓመት አስቀድሞ አብረው የሠሩት ፊልም ስም ነው።